ስለ ቱሪዝም ፖሊሲና ፕላን ከፍተኛ ትምህርት፤ ነጋዴውን የሚመለከተው እንዴት ነው?

ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ብዙ ድካም እንዳለበት የታወቀ ነው። ቡናው ይለቀማል፥ ይበጠራል፥ በጆንያ ይሞላል፥ ጅቡቲ ደርሶ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስም የማጓጓዣ፥ የኢንሹራንስና የባንክ ወጪ ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ የውጭ ንግድ አለ። በዚህ ንግድ ዕቃው ካለበት ስፍራ አይነቃነቅም፤ ገዢው ራሱ የመጓጓዣውን ዋጋ ከፍሎ ዕቃው ወዳለበት ይመጣል፤ አይቶ፥ ቀምሶና አድንቆ የውጭ አገር ገንዘቡን ትቶ ይመለሳል። የኤኮኖሚ ሊቃውንት «በዓይን የማይታይ ኤክስፖርት» የሚሉት ቱሪዝም ይኸው ነው።

ይህን ንግድ የሚመለከት ከፍተኛ ትምህርት በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከትምህርቱ ቅርንጫፎች አንዱ «የቱሪዝም ፖሊሲና ፕላን» ይባላል። ስሙ ከሱቅ ጠረጴዛ ሩቅ ቢመስልም፥ ፍሬ ነገሩ ግን አስመጪውንም፥ ላኪውንም፥ ቸርቻሪውንም በቀጥታ ይነካል። እንዴት እንደሚነካ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአዲስ አበባ ከተማ የጥበብ ልብስና የብር ጌጣጌጥ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ አሉ እንበል። ለብዙ ዓመታት ደክመው ያጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ አላቸው፤ ሐሳባቸውም በላሊበላ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ነው። በዚሁ ጊዜ በኤኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለች ልጃቸው የቱሪዝም ፖሊሲና ፕላን የማስተርስ ትምህርት ለመማር አባቷን ገንዘብ ትጠይቃለች። አባትየውም፤ «እንግዳ መቀበልን ከእናትሽ ቤት ተምረሽው የለምን? ለዚህ ደግሞ ሁለት ዓመት ምን ያደርጋል?» ይሏታል። የነጋዴው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ለሱቁ ከዋለ ለትምህርቱ አይተርፍም፤ ለትምህርቱ ከዋለም ሱቁ ይዘገያል። ስለዚህ ትምህርቱ በእውነት የሚያስተምረው ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የትምህርቱ ጠባይ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አልጋ ማንጠፍ፥ ማዕድ ማቅረብ፥ የእንግዳ መዝገብ መያዝ፥ ጎብኚን እየመሩ ማስጎብኘት፤ ይህ ሁሉ የተከበረ ሙያ ነው፤ የሚማሩትም በሙያ ትምህርት ቤት ነው። በ1975 ናይሮቢ ላይ የተከፈተው የኬንያ ኡታሊ ኮሌጅ በዚህ ሙያ በአፍሪካ ስሙ የታወቀ ሲሆን፥ ለማሠልጠኛው የሚሆነው ገንዘብ ከሆቴሎችና ከምግብ ቤቶች ሽያጭ ላይ 2 ከመቶ በሚከፈል መዋጮ እንዲገኝ ተደርጎ ነበር። በአዲስ አበባም እንዲሁ የምግብ ዝግጅትና የቱሪዝም ሥራ ማሠልጠኛ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሠራተኞችን ሲያወጣ ኖሯል።

የፖሊሲና የፕላን ትምህርት ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ የሚጠይቀው፤ በአንድ አውራጃ ስንት ሆቴል ያስፈልጋል? በማን መሬት ላይ ይሠራ? ውሃውን ከየት ያገኛል? ለጎብኚው የይለፍ ፈቃድ የሚሰጠው እንዴት ይሁን? ቀረጡ ስንት ይሁን? አንድ ቅርስ ሳይጎዳ በቀን ስንት ሰው ሊያስተናግድ ይችላል? የሚገኘው ገንዘብስ በማን እጅ ይገባል? እያለ ነው። ለዚህም ተማሪው ኤኮኖሚክስን፥ ስታቲስቲክስን፥ የመሬት አጠቃቀምን፥ የቅርስ አጠባበቅንና የመንግሥት አስተዳደርን አጣምሮ ይማራል፤ በመጨረሻም አንድ ስፍራ መርጦ በቦታው ተገኝቶ መርምሮ የምርምር ጽሑፉን ያቀርባል።

ትምህርቱ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ሮበርት ግሉክስማን የሚባለው ሊቅ በ1929 በርሊን ላይ የቱሪዝም ምርምር ተቋም አቋቁሞ ነበር። በ1941 ደግሞ በስዊስ አገር በበርንና በሳንክት ጋለን ሁለት የምርምር ተቋሞች ተከፈቱ፤ ቫልተር ሁንዚከርና ኩርት ክራፕፍም በሚቀጥለው ዓመት ስለ ቱሪዝም ጠቅላላ ትምህርት ያዘጋጁትን መጽሐፍ አሳተሙ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ሆቴሎቻቸው ባዶ ነበሩ፤ እነርሱ ግን ሰላም ሲመጣ ለሚመጣው እንግዳ ይዘጋጁ ነበር። በእንግሊዝ አገር የሰሪ፥ በስኮትላንድም የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲዎች በ1972 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመሩ። በአሜሪካ ክሌር ገን ስለ ቱሪዝም ፕላን የጻፈው መጽሐፍ በ1979 ታተመ። የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ በቱሪዝም ፖሊሲና ፕላን ስም የማስተርስ ትምህርት ሰጥቷል።

በኢትዮጵያም የቱሪስት ድርጅት የተቋቋመው በ1961 ነው። የሥራው መሪ የነበሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ አክሱምንና ላሊበላን ያገናኘውን የታሪክ መስመር ለጎብኚ ያስተዋወቁ፥ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውንም መጠሪያ ያወጡ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ አገሪቱ የጽሑፍ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ያገኘችው በ2009 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአሁኑ ጊዜ በቱሪዝም ልማትና አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ ይህን ትምህርት የሚፈልግ ሁሉ የግድ ባሕር ማቋረጥ አይኖርበትም።

አንደኛ ትምህርት፤ ጎብኚ ማለት ማን ነው?

ብዙ ባለ ሱቆች «ቱሪስት» ሲባል ፎቶግራፍ ማንሻውን በአንገቱ ያንጠለጠለው ነጭ ሰው ብቻ ይታያቸዋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስታቲስቲክስ ትርጓሜ ግን ከተለመደ የመኖሪያ አካባቢው ወጥቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የሚጓዝና፥ የጉዞው ዓላማ በሄደበት አገር ባለ ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት ያልሆነ ሰው ሁሉ ጎብኚ ነው። ሌሊት ካደረም ቱሪስት ይባላል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የመጣ መልእክተኛ፥ ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ ለዘመድ ሠርግ የመጣ ኢትዮጵያዊ፥ ለታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወርድ ምእመን ሁሉ በዚህ ቁጥር ይገባሉ።

ይህ ለነጋዴው ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ የመጣው ኢትዮጵያዊ የሚገዛው የሐበሻ ቀሚስ፥ በርበሬ፥ ሽሮና የተቆላ ቡና ነው፤ የጉባኤው መልእክተኛ ደግሞ በሻንጣ የሚገባ ቀላል ስጦታ ይፈልጋል፤ ምእመኑ ጧፍ፥ ጃንጥላና ነጠላ ይገዛል። ሁሉንም «እንግዳ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራ ባለ ሱቅ ለማን ምን ዕቃ ማዘጋጀት እንዳለበት አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2000 ያጸደቀው ልዩ የቱሪዝም ሒሳብ አያያዝም ይህንኑ ለአገር ደረጃ የሚሠራ ነው፤ ጎብኚው በየትኛው የንግድ ዘርፍ ስንት ገንዘብ እንዳወጣ ለይቶ ያሳያል።

ሁለተኛ ትምህርት፤ የሚያፈስ እንስራ

ነጋዴ ሁሉ በሽያጭና በትርፍ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። በቱሪዝም ሒሳብም እንዲሁ ነው። ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ ሁሉ በአገር ውስጥ አይቀርም፤ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። ሊቃውንቱ ይህን «ማፍሰስ» ይሉታል፤ ውሃ ተሞልቶ ቤት እስኪደርስ እንደሚጎድል እንስራ ማለት ነው።

ለትምህርት እንዲመች ሁለት ሆቴሎችን እንውሰድ። ሁለቱም ከአንድ እንግዳ 1,000 ብር ይቀበላሉ። የመጀመሪያው አንሶላውን፥ ፎጣውን፥ የታሸገ ጭማቂውንና መጠጡን ከውጭ ያስመጣል፥ ለውጭ አገር አስጎብኚም ኮሚሽን ይከፍላል፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚቀረው 400 ብር ብቻ ነው። ሁለተኛው ፎጣና ጋቢ ከሸማኔ፥ ማርና ቅቤ ከገበሬ፥ ወንበር ከአገር አናጢ ስለሚገዛ 700 ብር በአገር ውስጥ ያስቀራል። ይህ ገንዘብ ሸማኔውና ገበሬው እጅ ከገባ በኋላ እንደገና ገበያ ይወጣል። በእያንዳንዱ ዙር የሚቀረው ድርሻ ያው ነው ብንል፥ በመጀመሪያው ሆቴል በሁለተኛው ዙር 160 ብር፥ በሦስተኛው 64 ብር ይሆናል፤ የሦስቱ ዙር ድምር 624 ብር ነው። በሁለተኛው ሆቴል ግን 700፥ 490ና 343 ተደምሮ 1,533 ብር ይደርሳል። እንግዳው አንድ፥ የከፈለውም አንድ ሲሆን፥ ለከተማው ገበያ የተረፈው ግን ከእጥፍ በላይ ተለያየ።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች አስመጪውን የአገር ጠላት አድርገው ሊያዩት ይችሉ ይሆናል። ትምህርቱ ግን እንዲህ አይልም። ያለ ማቀዝቀዣ፥ ያለ ሊፍትና ያለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ሆቴል አይቆምም፤ እነዚህም ከውጭ ይመጣሉ። ጥያቄው ምን ይምጣ የሚለው ነው። ያለቀለት ፎጣ የሚያስመጣው ነጋዴ የሽመና መኪናና የጥሩ ክር አስመጪ ቢሆን፥ ንግዱ አይጎድልበትም፤ እንስራው ግን ይደፈናል። ይህን የመሰለ ለውጥ የሚጠቅመው በየትኛው ዕቃ እንደ ሆነ በቁጥር ለይቶ የሚያሳይ ሰው የሚወጣው ከዚህ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ ትምህርት፤ የስፍራ ዕድሜ

ሪቻርድ በትለር የሚባል የጂኦግራፊ ሊቅ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ የጎብኚ ስፍራ እንደ ሸቀጥ ዕድሜ እንዳለው አስረድቷል። በመጀመሪያ ጥቂት ፈላጊዎች ብቻ ይደርሱበታል፤ ቀጥሎ የአገሩ ሰው ቤቱን እያዘጋጀ መቀበል ይጀምራል፤ ከዚያም ትልልቅ ሆቴሎች ይሠሩና ስፍራው ይለማል፤ ኋላም ዕድገቱ ይረጋል፥ ይቆማል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ስፍራው ወይ ይወድቃል፥ ወይም በአዲስ ዘዴ ይታደሳል።

ይህ ትምህርት ለነጋዴው የሚነግረው የመግቢያን ጊዜ ነው። ስፍራው ሊቆም ሲል ያገኘውን ሁሉ አፍስሶ ሆቴል የሚሠራ ሰው ገበያ ሲበተን ድንኳን እንደሚተክል ነው። ሁሉም ነጋዴ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ሱቅ ቢከፍት ደግሞ፥ ጎብኚው ባይቀንስም እንኳ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ምሳሌ ያደረግናቸው ነጋዴ ስለ ላሊበላው ሱቅ ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጎብኚ ይመጣል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ከተማው በዕድሜው የት ላይ ነው? ስንት ሱቅስ አለበት?» የሚለውም ነው።

አራተኛ ትምህርት፤ የመሸከም ዐቅም

በቅሎ ከዐቅሟ በላይ ከተጫነች መንገድ ላይ መውደቋን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ስፍራም እንዲሁ የመሸከም ዐቅም አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ የዋልያ ቁጥር ስለ ተመናመነ፥ ሰፈራውና የከብት ግጦሹም ስለ በረታ፥ በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። ለማበላሸት የሚፈጀው ጊዜ አጭር፥ ለማዳን የሚፈጀው ረጅም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዐቅም የድንጋይና የእንስሳ ብቻ ሳይሆን የሰውም ነው። ጆርጅ ዶክሲ የተባለ ሊቅ በ1975 እንዳስረዳው፥ የአገሩ ሰው ስለ ጎብኚ ያለው ስሜት በደስታ ይጀምርና ወደ ቸልታ፥ ከቸልታ ወደ ብስጭት፥ ከብስጭትም ወደ ጥላቻ ሊደርስ ይችላል። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፥ ኋላ ብር፥ ሲሰነብት መዳብ ነው የሚለው ያበው አነጋገር ይህንኑ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በኢጣልያ የቬኒስ ከተማ ሰዎች ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች በከተማው መካከል ማለፋቸውን ብዙ ዓመት ሲቃወሙ ኖረው በ2021 ተከለከለ፤ በ2024 ደግሞ ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች በ29 ቀናት የ5 ዩሮ መግቢያ ተደረገ። አምስተርዳምም በዚያው ዓመት አዲስ ሆቴል እንዳይሠራ ወሰነች። እነዚህ ከተሞች ጎብኚ አጥተው አይደለም፤ ጎብኚው ስለ በዛባቸው ነው። በላሊበላም 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ደግሞም ሙዚየም ሳይሆኑ ካህናት የሚቀድሱባቸው፥ ምእመናን የሚጸልዩባቸው ናቸው። የዚያ ከተማ ነጋዴ ዕቃው በሱቁ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፤ የዓለቱ ደኅንነትና የቅዳሴው ክብር የካፒታሉ ክፍል ነው።

አምስተኛ ትምህርት፤ ብዛት ወይስ ዋጋ?

ንግድ በሁለት መንገድ ያተርፋል፤ ብዙ ሸጦ በጥቂት ትርፍ፥ ወይም ጥቂት ሸጦ በብዙ ትርፍ። አገሮችም ይህን ምርጫ ያደርጋሉ። የቡታን መንግሥት ከ1974 ጀምሮ ለጎብኚ በሩን ሲከፍት የሁለተኛውን መንገድ መረጠ። በ2022 ከእያንዳንዱ ጎብኚ ለአንድ ሌሊት 200 ዶላር ያስከፍል ጀመር፤ ነገር ግን ጎብኚው እንደ ተጠበቀው ስላልመጣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 100 ዶላር አወረደው። ሩዋንዳም በ2017 የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት የሚከፈለውን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ አደረገች፤ በዚያው ጊዜም ከፓርኮች ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 ከመቶ አሳደገች። ዋጋ ሲጨምር የጎረቤቱን ሰው ድርሻ አብሮ መጨመሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጎሪላው ለአካባቢው ገበሬ ካልጠቀመው የሚጠብቀው አይኖርምና።

ከቡታን የሚገኘው ሌላው ትምህርት፥ ዋጋ ማስተካከል ለመንግሥትም ውርደት አለመሆኑ ነው። ያልተሸጠ ዕቃ ዋጋውን ይናገራል።

ስድስተኛ ትምህርት፤ ፕላንና የተረሳው ሠራተኛ

የሜክሲኮ ማዕከላዊ ባንክ ባለሙያዎች የውጭ አገር ገንዘብ ለማግኘትና ለድኻው የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ሥራ ለመፍጠር፥ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ይኖሩበት የነበረውን ካንኩን የተባለ የባሕር ዳርቻ መረጡ። ሥራው በ1970 ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎችም በ1974 ተከፈቱ። ዛሬ ካንኩን ወደ 900,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ባሕሩን፥ አውሮፕላን ማረፊያውንና የሆቴሉን ሠፈር በሚገባ የነደፈው ፕላን ግን፥ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፈውን ሰው ብዛት በሚገባ አልገመተም ነበር። ስለዚህ በከተማው ዳር ውሃና የፍሳሽ መውረጃ የሌላቸው የድኾች ሠፈሮች በቀሉ። ፕላን አውጪ ለእንግዳው አልጋ ሲቆጥር፥ አልጋውን ለምታነጥፈው ሴትም ቤት መቁጠር አለበት ማለት ነው። ለባለ ሱቁም ይህ ቁጥር ይጠቅመዋል፤ ጎብኚው ለአራት ቀን ይገዛል፥ ሠራተኛው ግን ዓመቱን በሙሉ ይገዛልና።

ሰባተኛ ትምህርት፤ የክፉ ቀን ሒሳብ

በ2019 በዓለም ላይ ድንበር ተሻግሮ የተጓዘው ጎብኚ ወደ 1.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ነበር። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከዚህ ቁጥር ከ70 ከመቶ በላይ ጠፋ፤ በ2024 ተመልሶ ወደ 1.4 ቢሊዮን ደረሰ። በኢትዮጵያ ግን በወረርሽኙ ላይ ከ2020 እስከ 2022 የሰሜኑ ጦርነት፥ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ተጨመረ። በታሪክ መስመሩ ላይ የሚኖሩ አስጎብኚዎች፥ የሆቴል ሠራተኞችና ትናንሽ ባለ ሱቆች የደረሰባቸውን ጉዳት ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፤ መስቀልና ጌጥ ይሸጥበት የነበረ ሱቅ ተዘግቶ፥ ባለቤቱ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ የወረደበት ጊዜ ነው።

የፖሊሲ ትምህርት ጦርነትን አያስቀርም። ነገር ግን አንድ አገር በአንድ መስመርና በአንድ ዓይነት እንግዳ ላይ ብቻ እንዳይደገፍ ያስተምራል። ሐረር በ2006፥ ኮንሶ በ2011፥ የጌዴኦና የባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የመስቀል በዓል በ2013፥ የጥምቀት በዓል በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፈዋል። የአገር ውስጥ መንገደኛም በክፉ ቀን የሚቀር ደንበኛ ነው። ሱቁን ለነጭ ጎብኚ ብቻ የሞላ ነጋዴና፥ ከግማሹ መደርደሪያ ላይ ምእመኑ የሚገዛውን ነጠላ ያስቀመጠ ነጋዴ፥ ክፉውን ዓመት በአንድ ዓይነት አላለፉትም።

ትምህርቱን ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች

እንግዲህ ልጃቸውን ለማስተማር የሚያስቡ ወላጆች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቁ መልካም ነው። ትምህርት ቤቱ ስታቲስቲክስና የሒሳብ ስሌት በሚገባ ያስተምራልን? ተማሪው የሚመረምረው ስፍራ የራሱ አገር እንዲሆን ይፈቅድለታልን? መምህራኑ ለመንግሥት ወይም ለከተማ አስተዳደር ፕላን አውጥተው ያውቃሉን? ከምረቃ በኋላስ ልጁ የት ይሠራል? የቱሪዝም መሥሪያ ቤት፥ የክልል ቢሮ፥ የፓርክ አስተዳደር፥ አየር መንገድ፥ ባንክና አስጎብኚ ድርጅት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን ደጅ አይከፍትም። ሆቴል ማስተዳደር የሚፈልግ ልጅ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል፤ ይህ ትምህርት ለዚያ አልተዘጋጀምና። ስሙ ብቻ አምሮት የሚገባ ተማሪ ሁለት ዓመቱንና የአባቱን ገንዘብ ያጠፋል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ነጋዴው ገንዘቡን በሱቁ ላይ ያውሉት ወይስ በልጃቸው? ይህን የሚመልሰው መዝገባቸው ነው። ልጅቱ ትምህርቷን ሳትጀምር ያለፉትን አምስት ዓመታት የሽያጭ መዝገብ ተቀብላ ገዢውን በወር በወሩና በዓይነት በዓይነቱ ብትለየው፤ ከውጭ የመጣው ኢትዮጵያዊ ስንት፥ የጉባኤው እንግዳ ስንት፥ ባዕድ ጎብኚው ስንት፥ የአገሩ ሰው ስንት እንደ ገዛ ይታወቃል። ምናልባት አባትየው በላሊበላ ሊፈልጉት ያሰቡት ገዢ እዚሁ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በራቸው ድረስ እየመጣ የፈለገውን ልክ አጥቶ የሚመለስ ሆኖ ይገኛል። ወይም ደግሞ አሳባቸው ትክክል መሆኑ ይረጋገጥና፥ ሕንጻ ሳይሠሩ ለአንድ የገና በዓል ያህል አንድ ክፍል ተከራይተው ገበያውን መሞከር እንደሚሻል ይታያል። በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ገንዘብ ከተፈራው ያንሳል፤ የተረፈውም ለትምህርቱ መነሻ ሊሆን ይችላል። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ሌላው ነጋዴም ከዚህ የሚወስደው ሥራ አለ። ለሚመጣው ተማሪ መዝገቡን መደበቅ የለበትም። ብዙ የምርምር ጽሑፍ ከንቱ የሚሆነው ባለ ሱቁ እውነተኛውን ሽያጭ ስለማይናገር ነው፤ በሐሰተኛ ቁጥር ላይ የወጣ ፕላንም ተመልሶ የሚጎዳው ያንኑ ባለ ሱቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ በዕለት መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሮ «ገዢው ከየት መጣ?» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ ቢጽፍ፥ ወጪው የእርሳስ ዋጋ ብቻ ነው። ዓመት ሲሞላ ግን በእጁ ያለው ማናቸውም ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምረው የማይችለው የራሱ ገበያ ዕውቀት ይሆናል፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሰው መጥቶ ሲጠይቀውም የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።